ስለ ቢጫው ማንም አልነገረኝም

ጥቁሩን አትንኪ ተብያለሁ። ይህን የተማርኩት እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አል አይን ከተማ፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር፣ ማዳም ቤት፣ በአንድ መጥበሻ ምክንያት ነው። ምግብ የማይዘው ዓይነት መጥበሻ ነበር፤ ውስጡ ጥቁር። እኔ ደግሞ ከወሎ ስመጣ የማውቀው ጥቁር ዕቃ ጥላሸት የያዘውን ብቻ ነው። በብረት ሽቦ ያዝኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጥቁሩ ሁሉ ተነስቶ ነጭ ብረት ብቅ ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ማዳም ስትገባ ቶሎ እንድታየው ብዬ ምድጃው ላይ አፉን ወደ በሩ አዙሬ አቆምኩት።

አየችው። ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ቆዳውን ገፈፍሽው እኮ!» አለችኝ። እኔ ዐረብኛው ገና ስላልገባኝ ያመሰገነችኝ መስሎኝ ሌላውንም መጥበሻ አነሳሁ። «ኸላስ! ኸላስ!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ጥቁር ነገር ሳይ እጄን እሰበስባለሁ። ማዳምም ደግ ናት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ነው የምሠራው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የመጥበሻውን ታሪክ ሳታወራ አታሳልፍም። ጥቁሩን በደንብ ተምሬአለሁ። ስለ ቢጫው ግን ማንም አልነገረኝም።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ አል አይን ነው። አንድ ብቻ ናት ያለችኝ። አማርኛዋ ከእኔ የወረሰችው ነው፤ ሲቸግራት እንግሊዝኛ ትደባልቅበታለች። ደስ ሲላት «እማ» ትለኛለች፤ ስትቆጣ «ማም»። ስለዚህ ከሌላ ክፍል ስትጠራኝ ገና ድምፅዋን ሰምቼ ምን እንዳጠፋሁ ማሰብ እጀምራለሁ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው። እኔ ሦስተኛ ክፍልን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም፤ እሷ ግን ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ የምትዘረጋው ወረቀት ቁጥሩ ከፊደሉ ይበልጣል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው? ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሪኝ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። የበላችበትን ነጭ ሳህን ሳብ አድርጋ ሹካውን ጫነችበትና ጎተተችው። ጢርርር አለ። የጥርሴ ሥር ድረስ ተሰማኝ።

«በአላህ ተይ!»

«ይኸው፣ ይሄ ነው ሥራዬ።»

«የሰው ጥርስ ማንቀጥቀጥ?»

«ማስቆም ነው እንጂ! ሴራሚክና ብረት ሲፋተጉ እንዲህ ይጮኻሉ፤ ይግላሉ፤ ይበላላሉ። እኔ ብረቱን ስስ ሽፋን እቀባዋለሁ። ፖሊመር ይባላል፤ የፕላስቲክ ዘር ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ይንሸራተታሉ።» ጣቷን ሳህኑ ላይ አሳረፈች። ሹካው ያለፈበት ቦታ ግራጫ መስመር ወጥቷል። «ይሄ ምንድን ነው እማ?»

«ጭረት ነዋ። ሳህኑን ቧጨርሽው።»

«አልቧጨርኩትም። ሳህኑ ከሹካው ይጠነክራል። ይሄ ግራጫው ሹካው ራሱ ነው። ብረቱ ነው ተፍቆ ሳህኑ ላይ የቀረው።»

«ሸክላ ከብረት ይጠነክራል? እስቲ ወርውሪው፣ ማን እንደሚሰበር እናያለን።»

«መሰበር ሌላ፣ መፋቅ ሌላ!»

አባቷ ሳቀ። እኔ ግን የማዳም ቤት ሳህኖች ትዝ አሉኝ። ያንን ግራጫ መስመር በሎሚና በሶዳ ስንት ዓመት ፈትጌዋለሁ! ሳህኑ እንደቆሰለ ቆጥሬ፣ ልቤ እያዘነ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሳህን ላይ የቀረ ማንኪያ ሳጥብ ኖሬአለሁ። ይህን ግን ለልጄ አልነገርኳትም። «አውቀዋለሁ» ብዬ ሳህኑን አነሳሁ።

«ይህ መፋተግ በአማርኛ ምን እንደሚባልም ፈልጌ አግኝቻለሁ» አለች። «ሰበቃ።»

«ሰበቅ?» አለ አባቷ።

«ሰበቃ!»

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ባሌ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘ አይለቅም። በእኛ አገር ሰበቅ ማለት የአንዱን ነገር ለሌላው እያቀበሉ ሰውን ማጣላት ነው። «እና አንቺ» አላት፣ «ሰበቅ የሚቀንስ ቀለም ሠርተሻል? የኔ ልጅ፣ አል አይንን አዳንሻት። መጀመሪያ ለማዳም እህት ሁለት እጅ ቀቢልን። ጎረቤታችንን ደግሞ ሦስት እጅ።»

«አባ፣ እሷ ሽፋን አይዛትም» አለች ልጄ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የዩኒቨርሲቲው ሥራ ስሙ «የሰበቅ መድኃኒት» ሆነ።

ነገሩ ግን ከእሱ ነው የመጣው። ባሌ አል ሂሊ አንድ የቴምር እርሻ ላይ የውሃ ሞተሮችን ይጠብቃል። ልጄ ትንሽ ሳለች በዕረፍቷ አብራው ትሄድ ነበር። ሞተሩ ውስጥ ብረት ላይ የሚሽከረከር የሴራሚክ ቀለበት አለ፤ ውሃው ሲቋረጥ ቀለበቱና ብረቱ ደረቅ ለደረቅ ይያያዙና ሞተሩ እንደሚታረድ ከብት ይጮኻል። ባሌ እሮጣለሁ ሲል ጫማው አሸዋ ውስጥ እየቀረ፣ እሷ ጆሮዋን ይዛ «አባ፣ አመመው?» ትለው ነበር አሉ። እንግዲህ ያንን የታመመ ሞተር ልታክም ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው።

አሁን ደግሞ ስለ እኔ ልናገር። እኔ ፈሪ ነኝ። ልጄ የምፈራቸውን ነገሮች ስልኳ ላይ መዝግባ ይዛለች፤ አዲስ ሲገኝ «ይሄም ገባ» እያለች ትጨምራለች። ሊፍት አለበት። በራሱ የሚከፈት በር አለበት። በስልክ ውስጥ የምትናገረው ሴትዮ አለችበት። ከሁሉም በላይ ግን አል መቅጣዕ ላይ ወደ አቡ ዳቢ ደሴት የሚያሻግረው ድልድይ አለ። ማዳም አንዴ ይዛኝ ስትሻገር ውሃውን በሁለቱም በኩል አየሁትና መኪናው ውስጥ ተንበርክኬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ አገር ማለት ከድልድዩ ወዲህ ያለው ነው።

ልጄ ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ ልትሄድ ነው። አቡ ዳቢ አንድ የውሃ ሞተር ወርክሾፕ የሥራ ቦታ ይዞላት ነበር፤ ግን በዚያው ወቅት ትምህርቷን ከጨረሰች ነው። ካልጨረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ለመጨረስ የቀራት ይኸው የሰበቅ መድኃኒት ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጥያቄው መጣ። ማን ይቀሰቅሳታል? ስታሳልስ ማን ይሰማል? አንድ ማክሰኞ ልብሷን እያጠፍኩ፣ «ባታልፊስ ምን ትሆኛለሽ? እዚሁ አል አይን ሌላ ሥራ አይጠፋም» አልኳት።

«እማ፣ ለእኔ ነው የምትጸልዪው ወይስ በእኔ ላይ?» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። ግን አልረሳችውም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሆነ። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ዕረፍት ማለት የማዳምን ቤት ትቼ የራሴን ማጽዳት ማለት ነው። ባሌ ጁምዓ ሄዷል። ልጄ ወረቀት ልታሳትም ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳለች። ወጥ ቤት ገብቼ መስኮቱ ሥር አንድ የሲኒ ማስቀመጫ አየሁ፤ በሶፍት ተሸፍኗል። ገለጥኩት። ብስኩት የሚያካክሉ አራት ክብ ብረቶች ተደርድረዋል። ላያቸው ላይ ቢጫ ነገር ይዟል። ያ ቢጫ! የተጠበሰበት ዘይት ቆይቶ ሲደርቅ የምድጃ ጠርዝ ላይ የሚይዘው ቢጫ፣ ራሱ።

አዘንኩላት። ልጄ ይህን ያህል ስትደክም ዕቃዋን እንኳ በቅጡ የምታጥብበት ጊዜ አጣች፤ እናት እያለቻት ቅባት በያዘ ብረት ሰው ፊት ልትቀርብ ነው አልኩ። ሽቦዬን አወጣሁ።

የመጀመሪያው አላስቸገረኝም። ጠርዙን ሳሸው ቢጫው እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተነስቶ መጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ግን እንቢ አለኝ። ሙቅ ውሃ አፈሰስኩበት፤ እንቢ። ኮምጣጤ አመጣሁ፤ እንቢ። ጉልበቴን አስደግፌ አሸሁት፤ ትንሽ ደበዘዘ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ሰደብኩት። በኋላ ክንዴ ሲዝል ተውኩትና አፍሬበት ከሥር አደረግሁት። ሦስቱን የሚያበሩትን ከላይ ደረደርኩ። ፊት ያሳዩ ነበር፤ መሃረቤን ያስተካከልኩት በእነሱ ነው።

ልጄ ገባች። ውሃ ጠጣች። ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ማም» አለች።

እኔም እየሳቅሁ፣ «አብሽሪ፣ አጥቤልሻለሁ። አንዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ» አልኳት።

አንዷን ብረት አነሳች። ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር አጠገቧ እያለ።

«ቆሻሻ አይደለም» አለች። «ሽፋኑ ነው። የስድስት ሳምንት ሥራዬ ነው። መፈተኛውን ማሽን የሰጡኝ ለሰኞ ነው፣ አቡ ዳቢ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

መጥበሻው ዓይኔ ላይ መጣ። «ጥቁር አልነበረማ» አልኩ፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ። «ቢጫ ነው የነበረው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሆን ብለሽ ነው?»

ይህን ስትለኝ እጄ ላይ ያለው ሽቦ ውሃው ውስጥ ወደቀ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተና ባሌ ገባ። የሁለታችንን ፊት፣ የሚያበሩትን ብረቶች፣ ሽቦውን አየ። «ሴትዮዋ ዛሬም ቆዳ ገፈፈች እንዴ?» አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም ወዲያው ገብቶት ጫማውን ሊያወልቅ ወደ ውጭ ተመለሰ።

ቅዳሜና እሁድ ልጄ አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሻይ ስሰጣት «አመሰግናለሁ» አለችኝ። ልጅ እናቷን አመሰግናለሁ ስትል ነገር አለ። አዲስ ሽፋን ለመቀባት ጊዜ የለም፤ ቀጠሮውን መለወጥም አይቻልም። ያሉትን ብረቶች ይዤ ሄጄ ያው ልውደቅ አለች፤ ለአባቷ ነው የነገረችው፣ እኔ እየሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ጥቁር አባያዬን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«የት ነው?» አለችኝ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ። ለአስተማሪሽ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ራሴ እነግረዋለሁ።»

«ድልድዩስ?»

«እጨፍናለሁ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ብዙ አልተነጋገርንም። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በውስጥ በኩል። በረሃው አለቀና ሕንፃዎቹ መብዛት ሲጀምሩ፣ «ስንደርስ ንገሪኝ» አልኳት። «አሁን» አለችኝ። ጨፈንኩ። ከፊቴ ያለውን ወንበር በሁለት እጄ ያዝኩ። እንዲህ ጨፍኜ ነው የነገርኳት፤ ዓይኗን እያየሁ ቢሆን አልችለውም ነበር።

«ሆን ብዬ አይደለም። ወላሂ ዘይት መስሎኝ ነው። ግን ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ ሰኞ የሚለውን ስትነግሪኝ... እንግዲህ አትሄድም ማለት ነው ብዬ ልቤ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር እፎይ አለች። ትንሽ ናት፤ ግን አለች። ስለ ብረቱ አይደለም፣ ስለ እሷ ይቅር በዪኝ።»

 አውቶቡሱ ይንጓጓል። ሞተሩ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። ውሃው በሁለቱም በኩል እያየኝ እንደሆነ ተሰማኝ። 

«እማ» አለች።

እማ ነው ያለችው።

«አቤት።»

«ዓይንሽን ግለጪ። ድልድዩን ካለፍነው ቆየ።»

ስገልጥ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመናል። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይነቀነቃል። እኔም ሳቅሁ፤ ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞሮ እስኪያየን ድረስ።

ማሽኑ ያለበትን ክፍል የሚያስተዳድረው ሱዳናዊ ዶክተር ነበር፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። ልጄ በእንግሊዝኛ ልትጀምር ስትል ቀደምኳት። በማዳም ቤት ዐረብኛዬ፣ «ልጄ ጥፋት የለባትም። ያሸሁት እኔ ነኝ። ቅባት መስሎኝ ነው» አልኩት።

«በምን አሸሽው?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ሽቦውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ዓይኗን ሸፈነች።

«ይዘሽው መጣሽ?»

«በባዶ አፍ ከሚሆን ብዬ።»

ሰውየው ሽቦውን በእስኪርቢቶው ጫፍ አገላበጠው። ሳቁን ሊደብቅ እንደሆነ ገባኝ። «መቼም ማሽኑ ተይዟል፤ የሆነውን እንየው» አለ።

ማሽኑ ትልቅ አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ያህላል። ክቡ ብረት ከሥር ይሽከረከራል፤ ከላይ ደግሞ ሽምብራ የምታክል ነጭ የሴራሚክ ኳስ ትጫነዋለች። በመጀመሪያ እኔ ካበራኋቸው አንዱን አስገቡ። ትንሽ እንደዞረ ያ የሹካው ጩኸት መጣ፣ ጢርርር፤ ቆመ እንጂ የጥርሴን ሥር ነቅሎት ነበር። በስክሪኑ ላይ ሰበቃውን የሚያሳየው መስመር ወደ ላይ ተተኮሰ። ልጄ አንገቷን ደፋች።

ቀጥሎ ያንን ያሸነፈኝን አስገቡ። ጆሮዬን ያዝኩ። ብረቱ መዞር ጀመረ። ጠበቅን። ምንም የለም። ጆሮዬን ለቀቅሁ፤ አሁንም ምንም። ኳሷ በረዶ ላይ እንዳለች ትሄዳለች፤ መስመሩም ከታች ተኝቷል።

ዶክተሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ብረቱን አውጥቶ በማጉያ አየው፤ ከዚያ ሽቦዬን አየ። ልጄን፣ «ይህን ከሌሎቹ በምን ለየሽው?» አላት።

ደብተሯን ገለበጠች። ሦስቱን ከመቀባቷ በፊት አለስልሳቸዋለች፤ ለስላሳ ብረት ላይ የተቀባ ሽፋን ይበልጥ ያንሸራትታል ብላ። አራተኛውን ግን ማለስለሻው ሲበላሽባት ሌላ ነገር አጥታ በአሸዋ አሻክራ ነው የቀባችው።

ይህን ለእኔም በአማርኛ ስትነግረኝ፣ «እሱማ ይይዛል» አልኳት። «እኛ ቤት ስንለስን ግድግዳው ሻካራ ካልሆነ ጭቃው ሲደርቅ ተገርስሶ ይወርዳል። ለዚህ አይደል ወይ መጀመሪያ በማጭድ የምንቧጭረው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ከስድስት ሳምንት በፊት ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ያሳየሽኝ ሹካ ነው።»

ዶክተሩ ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ስትነግረው ተቀመጠ። የዋዛ ሰው ግን አይደለም። «አንድ ብረት ምንም አይነግረንም» አላት። «የእናት ክንድ ብለሽም ሪፖርት ላይ አትጽፊም። ስንት ኃይል? ስንት ጊዜ? በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ ሁለት ሰዓት ክፍት አለኝ። አሻክረሽ ሦስት አዲስ ሥሪ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ ነይ።»

ደነገጥኩ። ጠረጴዛ ላይ ሚዛን አስቀመጠ፤ ሚዛኑ ላይ አንዱን የተገፈፈ ብረት በማጣበቂያ ለጠፈ። «እንደዚያ ዕለት እሺው» አለኝ። አባያዬን እጅጌውን ሰበሰብኩ። ሽቦውን ያዝኩ። ያንን እንቢ ያለኝን ብረት አስቤ ገባሁበት። ዶክተሩ ቁጥሩን አየና አፏጨ። «ይህ ክንድ ነው ወይስ ጃክ?» ልጄ እየጻፈች ነበር። የማደርገውን ነገር ያን ያህል በጥንቃቄ ስትጽፍ አይቻት አላውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን የሰበቅ መድኃኒት ፋብሪካ ሆነ። አዲሶቹ ሦስት ብረቶች ሲደርቁ አንድ ሚዛን ወጥ ቤት አስቀምጣ፣ «ቁጥሩ እዚህ እስኪደርስ ተጫኚ፤ ከዚያ አታልፊ» ትለኛለች። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ይቆጥራል፤ ሲሳሳት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። «እኔ ላይ ሃያ ዓመት ስትጫኚ ሚዛን የሚያመጣልኝ አጣሁ» ይላል። ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ሦስተኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ ለቀቀ። ለሰው ባትናገሪስ አልኳት፤ ጠርዝ ማን ያያል?

«ዶክተሩ ሐቁን ጻፊ ነው ያለው።»

ጻፈች። ማሽኑም ላይ ሦስቱም ዝም አሉ። የፈተናዋ ቀን ከክፍሉ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ ያንን በራሱ የሚከፈተውን በር ብቻዬን አልፌ። ስትወጣ ፊቷን አይቼ ማለፏን አወቅሁ። ስለ ጠርዙ ብዙ ጠይቀዋት ነበር። «ማሸቱን የሠራው ማን ነው?» ሲሏትም ወረቀቱ ላይ የጻፈችውን አሳየቻቸው። እኔንም አሳየችኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ተረጎመችልኝ፦ ልምድ ያላት ባለሙያ። ያን ወረቀት ለማዳም ወስጄ አሳይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጥበሻውን ታሪክ ስታወራ ይህንንም ትጨምርበታለች፤ መጥበሻውን ግን አልተወችውም።

ልጄ ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት በቤቱ ያለውን ነገር ሁሉ በትንንሽ ወረቀት ሞላችው። «አይታሽም» ይላል፣ በአማርኛ፣ ፊደሉ የተንጋደደ። ኮምፒውተሯ ላይ ለጠፈች፤ ሻንጣዋ ላይ ለጠፈች፤ ያሸነፈኝን ብረት መደርደሪያ ላይ አድርጋ ለጠፈችበት። አንድ ቀን አባቷ ሶፋ ላይ ተኝቶ ሳለ መላጣው ላይ ለጠፈችበት፤ እስኪነቃ ማንም አልነገረውም።

የሄደች ዕለት አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘናት። ባሌ ሻንጣውን ጫነ፤ ለሾፌሩም ስለ ሞተሩ ምክር ሰጠ። እኔ የማስጠነቅቃት ነገር ብዙ ነበር፤ ስንቆም ሁሉም ጠፋኝ። አየኋት። ጉንጯ ላይ፣ ከአፏ ጥግ ከፍ ብሎ፣ ቢጫ ነገር አለ። የቁርሱ እንቁላል ነው። እንዲህ ሆና ከድልድዩ ወዲያ ልትሄድ ነው። እጄ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሳ፤ አውራ ጣቴን ምራቅ ነካ አድርጌ ወደ ፊቷ ስሰነዝር፣

«እማ!» አለች፣ ወደ ኋላ ሸሽታ። «አይታሽም!»

ሰዎች ዞረው አዩን። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሳቀች፤ ግንባሬን ሳመችኝና ገባች። በመስኮቱ በኩል ስታውለበልብ ቢጫው ጉንጯ ላይ ይታየኛል። መስኮቱ እጅ የሚደርስበት ነበር፤ ደረጃውም ሁለት እርምጃ ነው።

እጄን መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡሱ እንዲሁ እንዳለች ይዟት ሄደ።